ውሃ ላይ ጋደም ማለት፦ ስለ ተንሳፋፊ መጋደሚያ ለጠየቃችሁኝ

ጣና ሐይቅ ዳር ጎርጎራ ላይ፣ ራሴ በሠራሁት መጋደሚያ ተንጋልዬ የተነሳሁትን ፎቶ ካያችሁ ወዲህ የጥያቄ ዶፍ ወረደብኝ። እሺ፣ ያላችሁን ሁሉ ጠይቁ አልኩ። ጠየቃችሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ጠያቂዎቹን በየመጡበት ቦታ ስም ጠርቼ የምችለውን መልሻለሁ። ሙያዬ ብየዳ ነው። ጎንደር ውስጥ በርና መስኮት እሠራለሁ። መጋደሚያው ለጨዋታ የተጀመረ ነገር ነው። እስካሁን ስድስት ሠርቻለሁ፣ ሁለቱ ጉድ ሠርተውኛል። የምነግራችሁ ግማሹ ከእነዚያ ከሁለቱ የተማርኩት ነው።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ የስፖንጅ ፍራሽ በላስቲክ ጠቅልሎ ውሃ ላይ መጣል አይበቃም? ለምን ይህን ያህል ይደከማል?

የመጀመሪያው ሥራዬ ልክ እንደዚያ ነበር። ስፖንጁን በወፍራም ላስቲክ ጠቀለልኩ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩ፣ አንድ ሆቴል መዋኛ ወስጄ ተኛሁበት። ለሩብ ሰዓት ንጉሥ ነበርኩ። ከዚያ እግሬ በኩል ቀስ እያለ ወረደ። ስናወጣው አራት ሰው አስፈልጓል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተገናኙ ናቸው። አንዲት መርፌ የምታህል ቀዳዳ ላስቲኩ ላይ ካለች ውሃው ሁሉንም ያዳርሳል። የሚያስፈልግህ እያንዳንዷ ቀዳዳ ለብቻዋ የተዘጋችበት ፎም ነው። መለያው ቀላል ነው። ትንሽ ቁራጭ ቆርጠህ ውሃ ውስጥ ጨምቀው። አረፋ እየተፋ ውሃ ከጠጣ ተወው። ብዙዎቹ የስፖርት ምንጣፎች ውሃ አይጠጡም። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጩ ፎምም ብዙ አይጠጣም፣ ግን ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ዓሣ እንዳይበላው በሸራ ይሰፋ።

ከአዘዞ፦ 80 ኪሎ ነኝ። ስንት ጀሪካን ይበቃኛል?

ሒሳቡ አያስቸግርም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ውሃ ውስጥ የገባ ባዶ ጀሪካን የያዘውን ቦታ ያህል ውሃ ይገፋል፣ የገፋውን ያህልም ይሸከማል። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን የራሱ ክብደት ሲቀነስ ወደ 19 ኪሎ ይይዛል።

ጥያቄው አንተ እንዴት መተኛት ትፈልጋለህ ነው። ሙሉ በሙሉ ደረቅ ሆነህ ከውሃ በላይ ልቀመጥ ካልክ 80 ኪሎህን፣ የማዕቀፉን 15 ኪሎ፣ በዚያ ላይ የግማሹን ያህል መጠባበቂያ ደምር። ወደ 140 ሊትር ይመጣል። ሰባት ጀሪካን ማለት ነው። ዳሌህና እግርህ ውሃ ውስጥ ይሁን ካልክ ግን ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ምክንያቱም የሰው ገላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ራሱን ሊሸከም ምንም አይቀረው። ጀሪካኑ የሚሸከመው ከውሃ በላይ የቀረውን ክፍልህን ብቻ ነው።

የፒቪሲ ቧንቧ ለሚመርጡ፦ 110 ሚሊ ሜትሩ በአንድ ሜትር 9 ሊትር ተኩል ያህል ይገፋል። 6 ሜትሩ 57 ሊትር ነው። ቧንቧው ራሱ እንደ ውፍረቱ ከ8 እስከ 14 ኪሎ ስለሚመዝን 45 ኪሎ ገደማ ይተርፍሃል። ከአንድ ቧንቧ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይወጣል። መሐሉ ላይ መረብ ወጥር፣ አለቀ። መዋኛ ገንዳ ላይ አሁን የምጠቀምበት ይኸው ነው። ማጠፊያዎቹን በደንብ አጣብቅ። ማዕዘኖቹ ውሃ ካስገቡ ጀሪካን መቶ ጊዜ ይሻላል፣ ቢያንስ አንዱ ሲቀደድ ሌሎቹ አሉ።

ዋጋውን የጠየቃችሁ ቅዳሜ ገበያ ወጣ ብላችሁ እዩት። ዛሬ የምነግራችሁ ለነገ አይሆንም።

ከፒያሳ፦ እኔ የሠራሁት ይንሳፈፋል፣ ግን አይመችም። ጭንቅላቴ ከፍ፣ ወገቤ ሰመጥ ይላል። ለስላሳ ነገር ልጨምርበት?

አትጨምር! በጣም የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። ሁሉም ሰው ምቾትን ከልስላሴ ይፈልገዋል። ውሃ ራሱ ለስላሳ ነው፣ ከዚያ በላይ ልስላሴ አያስፈልግህም። ምቾቱ ያለው ዳሌህ የት አረፈ የሚለው ላይ ነው።

የሰው ክብደት መሐል ጉልበቱ ጋ አይደለም። እምብርት አካባቢ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ቁመትህ 1.70 ከሆነ ከእግርህ መርገጫ 95 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይውላል። ብዙ ሰው ግን ጀሪካኑን ከላይ እስከ ታች እኩል ይደረድራል። እግር ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀራል፣ ወገብ ይሰምጣል፣ አንገት ይታጠፋል። ሲወርድ ጀርባውን ያመዋል፣ ከዚያ «ፍራሹ ደረቅ ነው» ይላል።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። አንድ ጣውላ ክብ ግንድ ላይ አጋድማለሁ። ሰውየው እንደሚጋደምበት አድርጎ ጣውላው ላይ ይተኛል። ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ሚዛን እስኪጠብቅ ድረስ ከፍ ዝቅ ይላል። ግንዱ ያረፈበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። የተንሳፋፊዎቹ መሐል እዚያ ምልክት ላይ ይውላል። ሰፈር ውስጥ ይህን ስናደርግ ልጆች ሁሉ ተሰብስበው ይስቁብናል፣ ይሳቁ።

ከዚያ ጀርባውን ከአግድም 30 ዲግሪ ገደማ ቀና አድርገው። ከጉልበት ሥር አንድ ስንዝር የማትሞላ ጥቅል አስገባ። ጉልበት ትንሽ ሲታጠፍ ወገብ ይለቃል። ለአንገት ደግሞ ለብቻው የሚንሸራተት ጥቅል ይኑር፣ የሁሉም ሰው አንገት አንድ አይደለም። ይህን አድርገህ ካልተመቸህ ተመልሰህ ውቀሰኝ።

ከሳሙና በር፦ በግራ በኩል ስዞር ይገለብጠኛል። ምን ላድርግ?

አስፋው፣ ዝቅም አድርገው። ሁለተኛው ሥራዬ ላይ ወንበሩን ከፍ አድርጌ ሠርቼ የሚስቴን ወንድም አስቀመጥኩበት። ሰላም ሊለኝ እጁን ሲያነሳ ሄደ። እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ ያወራዋል።

በሁለት ጎን ተንሳፋፊ ካለህ መሐላቸው ያለውን ርቀት እጥፍ ስታደርገው የመገልበጥ መቋቋሚያው አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ተንሳፋፊ ከመጨመር ያሉትን ወደ ውጭ መግፋት ያዋጣል። ለአንድ ሰው ከ90 ሴንቲ ሜትር አትነስ። መቀመጫው ደግሞ ከጀሪካኖቹ በላይ ሳይሆን በመሐላቸው ይንጠልጠል።

ከጎርጎራ፣ አንድ አባት፦ ልጄ፣ እኛ ታንኳ እያለን ጀሪካን ምን ያደርግላችኋል?

አባባ፣ እውነትዎን ነው። ዳሌን በተመለከተ ያልኩትን ሁሉ ታንኳ ቀድሞ ያውቀዋል። ታንኳ የሚሰፋበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገል፣ ውስጡ አየር የሞላ ነው፣ ሺህ ትንንሽ ጀሪካን እንደማለት። ሲሰፋ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ፣ መሐሉ ወፈር ይላል። ክብደት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው ብዙው ደንገል ያለው። ከውስጥ ደግሞ ተጨማሪ የደንገል እስር ስለሚነጠፍ ቀዛፊው ከውሃው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እኔ በጣውላና በጠመኔ የደረስኩበትን ታንኳ ሠሪዎች በእጃቸው ያውቁታል።

ችግሩ ደንገል ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል። ዓሣ አጥማጆቹ ከተጠቀሙ በኋላ አቁመው ፀሐይ ላይ የሚያደርቁት ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ለእኔ ዓይነቱ በወር አንዴ ለሚወርድ ሰው አያዋጣም። ግን የሚቀጥለውን ሥራዬን የራስጌ ጥቅል በደንገል ላደርገው አስቤያለሁ። ከፈቀዱልኝ መጥቼ አስተሳሰሩን ያሳዩኛል።

ከኮሌጅ አካባቢ፦ በአየር የሚነፋ ገዛሁ። ጎንደር ላይ ጥርቅም አድርጌ ነፋሁት፣ ጎርጎራ ስደርስ ላላ። ሻጩ አታሎኛል?

አላታለለህም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ 300 ሜትር ስትወርድ የውጭው አየር ግፊት 4 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ የነፋኸውን ይጨምቀዋል። ፀሐይ ላይ የሞቀው አየር ውሃው ላይ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሌላ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ ጥርቅም ያለው ፍራሽ ይጨማደዳል። እዚያው ደርሰህ ንፋው።

ተቃራኒው ነው አደገኛው። ከመተማ ቆላ ነፍተህ ጎንደር ብታወጣው ሊፈነዳ ይችላል። ጥርቅም አድርገህ ነፍተህ ፀሐይ ላይ መተውም እንዲሁ ነው። የምትገዛ ከሆነ አየሩ በአንድ ክፍል ብቻ የታጨቀውን አትግዛ። ሁለት ሦስት ለየብቻ የሚነፋ ክፍል ያለው ይሻላል፣ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ወደ ዳር ያደርስሃል።

ከአውቶ ፓርኮ፦ የጭነት መኪና ከመነዳሪ አለኝ፣ ይሆናል?

በደንብ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ስፋት ያለው ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። መሐሉን በገመድ መረብ ሥራበት። አየር መንፊያው ብረት ጎንህን እንዳይቦጭርህ ወደ ታች አዙረህ በጨርቅ ጠቅልለው። ከተቀደደ ጎሚስታ ጋ ነው። ጥቁር ስለሆነ ቀትር ላይ ያቃጥላል፣ ነጠላ ቢጤ ጣል አድርግበት።

ከብልኮ፦ ነጩን ፎም በማስቲሽ ላጣብቀው ስል ቀለጠ። ምን ነክቶት ነው?

ማስቲሹ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ነው የበላው። ቤንዚንም እንደዚያው ነው። ለዚህ ፎም በውሃ የሚቀጥነውን የእንጨት ኮላ ተጠቀም፣ ግን እሱ ራሱ ውሃ አይወድም። እኔ ጨርሶ አላጣብቅም። ሸራ ከረጢት ሰፍቼ አጭቀዋለሁ።

ከቀሃ፦ ውሃ ላይ ስተኛ ከስር ይበርደኛል። «የጎንደር ሰው በረዶ ላይ ተኛ እንዴ?» ልንባል ነው?

ውሃ ሙቀት ከገላ የሚወስደው ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ነው። መረብ ላይ የተኛ ሰው ሃያ ደቂቃ ደስ ይለዋል፣ ከዚያ ይንቀጠቀጣል። ከጀርባህ ሥር ሁለት ሴንቲ ሜትር የምትሆን ውሃ የማትጠጣ ምንጣፍ አንጥፍ። እግር ውሃ ውስጥ ቢሆን ችግር የለውም፣ ጀርባ ነው የሚበርደው። ከላይ ግን ፀሐዩን እንዳትንቅ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፒቪሲውንም የሚያደርቀው እሱ ነው፣ ቀለም ቀቡት።

ከአራዳ፦ ፋሲል መዋኛ ላይ እንሞክረው?

ኧረ በሕግ አምላክ! ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ተሞልቶ የሚባረክ ውሃ ነው፣ ግንቡም በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ከፋሲል ግቢ ጋር የተቆጠረ ነው። የአንገረብ ግድብም አይሆንም፣ የምንጠጣው ነው።

ከጠዳ፣ አንዲት እናት፦ ልጆቼ መዋኘት አይችሉም። እዚህ ላይ ቢሆኑ ይጠብቃቸዋል?

አይጠብቃቸውም፣ እህቴ። መጋደሚያ የሕይወት ጃኬት አይደለም። እንዲያውም ይባስ፣ ልጅ እያሳቀ ጥልቅ ውሃ ላይ ያደርሳል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ጃኬት ያልብሷቸው፣ እርስዎም እጅዎ ከሚደርስበት አይራቁ። የመረቡ ቀዳዳም የልጅ ጣት የሚይዝ አይሁን።

ከቆላድባ፦ ጣና ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ሦስት ነገር። መጀመሪያ ነፋስ ነው። ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፣ ሌሊትና ማለዳ ደግሞ ወደ ሐይቁ ይገፋል። ማለዳ እንቅልፍ ከወሰደህ ስትነቃ ዳሩ ርቋል። ስለዚህ መልሕቅ። ድንጋይ ውሃ ውስጥ ክብደቱ ይቀንሳል፣ 20 ኪሎው 12 ገደማ ይሆናል። ገመዱ ከጥልቀቱ ሦስት እጥፍ ይርዘም፣ አለዚያ ማዕበሉ ድንጋዩን ያነሳዋል።

ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው። ዳር ዳሩን፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ያለበትን ራቅ። ተውሳኩ በብዛት የሚወጣው ከረፋድ እስከ ቀትር በኋላ ሲሆን በቆዳ ነው የሚገባው። ለጣና እኔ ከውሃ በላይ ደረቅ አድርጎ የሚያስቀምጠውን ባለ ሰባት ጀሪካኑን የምመርጠው ለዚህ ነው። መረቡ ለመዋኛ ገንዳ ይሁን።

ሦስተኛው ጉማሬ ነው። የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ ሳትጠይቅ አትውረድ። እምቦጭ ያለበት ቦታም አይሆንም፣ ገብተህ መቅዘፍ ያቅትሃል።

ከማራኪ በድጋሚ፦ ከውሃው መጋደሚያው ላይ መውጣቱ ነው የከበደኝ። እንደ ዝሆን እየተንፏቀቅኩ ሰው ይስቅብኛል።

ሳቃቸው አያልቅም፣ ንድፉን አስተካክል። በአንድ ጎን፣ ዳሌ የሚያርፍበት ላይ፣ ተንሳፋፊ የሌለበት 50 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተው። እዚያ ጋ ጠርዙ ዝቅ ይላል። ጀርባህን ሰጥተህ ቁጭ በል፣ ከዚያ እግርህን አዙር። በሆድ ተስቦ መውጣት ድሮ ቀረ። ያ ክፍት የሚያጎድለውን ተንሳፋፊ ግን ሁለቱ ጎን እኩል እንዲሆኑ በዚያው ጎን ከላይና ከታች መልስለት። እኔ ይህን ረስቼ አንድ ወር ሙሉ ወደ ግራ ዘምሜ ተኝቻለሁ።

ስም ያልጻፈ፦ ለእኔና ለእጮኛዬ ሁለት ሰው የሚይዝ ትሠራልናለህ?

አልሠራም፣ ሞክሬ አይቼዋለሁ። አንዳችሁ ከበድ ካላችሁ ቀላሉ ወደ ከባዱ ይንከባለላል። መጀመሪያ ደስ ይላል፣ በኋላ ክንድ ይደነዝዛል። አንዱ ሊወርድ ሲነሳ ደግሞ ሌላው ይገለበጣል። ሁለት ነጠላ ሥሩና በራስጌ በኩል በአንድ ሜትር ናይለን ገመድ አገናኟቸው። ቋጠሮው በአንድ እጅ የሚፈታ ይሁን።