አምስት ዓመት እስኪሞላው አትጠብቂ

እህቴ፣ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅሽ ሌሎች ሕፃናትን እንደሚነክስ፣ ሲናደድም ጭንቅላቱን ከወለል ጋር እንደሚያጋጭ፣ ዴይኬሩም «ሌላ ቦታ ፈልጊለት» እንዳለሽ ጽፈሻል። አማትሽ ደግሞ «ወንድ ልጅ ነው፣ አምስት ዓመት ሲሞላው ይተወዋል» ብለውሻል። እኔም ይህንኑ ምክር ሰምቼ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቄአለሁ፤ ያ ዓመት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አትጠብቂ።

እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ አንቺም አሜሪካ ስላለሽ የፌዴራሉ ሕግ አንድ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ኧርሊ ኢንተርቬንሽን በሚሉት፣ እድገታቸው ለዘገየ ሕፃናት በሚሰጥ የቅድሚያ ድጋፍ በኩል ይታያል፤ ስሙ ወደዚያ ከተላለፈ በ45 ቀን ውስጥ ምርመራውና የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ መካሄድ አለበት። ያንቺ ልጅ ግን ሦስት ስላለፈው፣ ትምህርት ቤት ባይገባም የሚያየው የአካባቢሽ የትምህርት ዲስትሪክት ነው። ደውለሽ «ቻይልድ ፋይንድ» በያቸው፤ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ፈልጎ የሚመረምረው ክፍል ነው፤ ጥያቄሽንም ቀን ጽፈሽበት በጽሑፍ ላኪ። ምርመራው ነፃ ነው። የአማርኛ አስተርጓሚም ጠይቂ። እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ገብቼ፣ የሆዴን ግማሽ ሳልናገር ወጣሁ።

ጎን ለጎን ጆሮውን አስመርምሪው። ደግሞ ደብተር ያዢ፦ ከመንከሱ በፊት ምን ሆነ? ከነከሰ በኋላስ ምን አገኘ? የእኔ ልጅ የሚነክሰው መጫወቻ ሲወሰድበትና መናገር ሲያቅተው እንደሆነ ያወቅሁት ከደብተሩ ነው። የንግግር ሕክምና የጀመረውም በዚያ ምክንያት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን ፒሲአይቲ (PCIT) የሚሉት፣ ከ2 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ከወላጃቸው ጋር አብሮ የሚሰጥ የጠባይ ሕክምና ነው። እኔና ልጄ እንጫወታለን፤ ባለሙያዋ ከመስታወት ጀርባ ሆና በጆሮ ማዳመጫ ትመራኛለች። የመጀመሪያ ቀን ኩብ ሲደረድር «ይሄ ምን ቀለም ነው? እዚህ ጋ አድርገው» ስለው፣ «አትጠይቂው፣ አትዘዢው፤ የሚሠራውን ብቻ ተናገሪ» አለችኝ። አፌ ተያዘ። ለካ ከልጄ ጋር የማወራው በትእዛዝ ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ በየቀኑ 5 ደቂቃ እንዲህ ተጫወቱ ተባልን። «ጎበዝ» ብቻ ማለትም አይበቃም፤ «እጅህን ሰብስበህ ተራህን ስለጠበቅህ ጎበዝ» ብለሽ ያደረገውን ጥሪለት። አንድ ቀን እህቱን ሊመታ እጁን አንስቶ አየኝና ቀስ ብሎ አወረደው። እዚያው ኩሽና ውስጥ አለቀስኩ።

አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ለጩኸቱ ፊት ስትነሺው መጀመሪያ ይብስበታል። እኛ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልንተወው ነበር። ጭንቅላቱን ሲያጋጭ ግን ዝም አትበይ፤ ሳትቆጪ እጅሽን ወይም ትራስ ጣል አድርጊለት። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ወይም ራሱን ካቆሰለ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ለሐኪሙ ደውዪ። ጥፊ እኔም ሞክሬዋለሁ፤ መምታትን ነው ያስተማረው። ጸበሉን አታቋርጪ፣ እኛም አላቋረጥንም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ልጁን ከዴይኬሩ ከማስወጣትሽ በፊት፣ መቼና እንዴት እንደነከሰ በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ለምርመራው ይዘሽው ትሄጃለሽ።