ዲለሩ ሪኮሉን አልሠራም ቢለኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ኡበር እሠራለሁ። መኪናዬ የ2014 ሞዴል ናት። የገዛኋት ያገለገለች ነው። በቅርቡ የሪኮል ደብዳቤ (አምራቹ ጉድለት ያለባቸውን መኪኖች ለጥገና የሚጠራበት) በፖስታ መጣልኝ። በተሳፋሪው በኩል ያለው የፊት ኤርባግ አደገኛ ነው፣ በነጻ ይቀየራል ይላል። ደብዳቤውን ይዤ የዚያው ብራንድ ዲለር ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ «ዕቃው የለም፣ ሲመጣ እንደውላለን» አሉኝ። ሳይደውሉ ሲቀሩ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ደግሞ «መኪናዋን ከእኛ አልገዛሃትም፤ ለምርመራ 180 ዶላር ትከፍላለህ» አሉኝ። የፊት እግሯ ቡሽ አልቋል፣ እሱ ሳይሠራ ሪኮሉን አንነካም ብለዋል። የግድ መክፈል አለብኝ? ሥራ ለምፈታባቸው ቀናትስ ካሳ መጠየቅ እችላለሁ? እስከዚያው ብነዳትስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ሌሎቹ ትንሽ ቢቆዩ ምንም አይሉም፤ ይሄ ግን አይቆይም።

ደብዳቤውን አውጥተው እንደገና ያንብቡት። «አትንዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለው መኪናዋን ዛሬውኑ ያቁሟት። ስለ ኤርባግ ሪኮል ሲነሳ የሁሉም ሰው ሐሳብ የሚሄደው ታካታ ወደሚባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ኤርባጉን በሚነፋው ትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ አሞኒየም ናይትሬት ነበር የሚጠቀመው። ይህ ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ያኔ ቀላል ግጭት እንኳ ቢደርስ ብረቱ ራሱ ይፈነዳና ስብርባሪው ሰው ላይ ይረጫል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ60 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ የኤርባግ መንፊያዎች ተጠርተዋል። ኩባንያው በ2017 ጥፋቱን ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ፤ በዚያው ዓመትም ከሰረ። ጉዳዩ ግን ዛሬም አላለቀም። በጃንዋሪ 2024 ቶዮታ ወደ 50 ሺህ ለሚጠጉ መኪኖች ባለቤቶች ጭራሽ አትንዱ ብሏል። ከነሱ ውስጥ የ2003 እና የ2004 ኮሮላ ይገኙበታል። በዚያን ጊዜ ኩባንያው ባለሙያ ቤት ድረስ ልኮ መሥራትን ወይም መኪናውን አስጎትቶ መውሰድን አማራጭ አድርጎ አቅርቦ ነበር። የእርስዎም ደብዳቤ «አትንዱ» የሚል ከሆነ ይህንኑ ይጠይቁ።

ደብዳቤው እንዲህ ካላለ መንዳት አልተከለከሉም። ነገር ግን ጋቢና ላይ ሰው አያስቀምጡ፤ ተሳፋሪ ከኋላ ይሁን። እንደ ጠበቃ አንድ ነገር ልጨምር። ደብዳቤው እጅዎ ገብቷል። ነገ አንድ ተሳፋሪ ጋቢና ተቀምጦ ጉዳት ቢደርስበት፣ «አላወቅኩም» የሚል መልስ አይኖርዎትም።

አሁን ወደ ዲለሩ። ብዙ ወገኖቻችን ከካውንተሩ ጀርባ ከቆመው ሰርቪስ አድቫይዘር ጋር ሲጨቃጨቁ ይከርማሉ። ሰውየው ግን ባለ ዕዳ አይደለም። ከ1966 ጀምሮ ያለው የፌደራል የመኪና ደኅንነት ሕግ ግዴታውን የጣለው በአምራቹ ላይ ነው። አምራቹ በነጻ ይጠግናል፣ ወይም ተመሳሳይ መኪና ይለውጣል፣ ወይም የእርጅናዋን ቀንሶ ገንዘብ ይመልሳል። ዲለሩ የሚሠራው ለአምራቹ ነው፤ ተመጣጣኝ ዋጋውንም አምራቹ እንዲከፍለው ሕጉ ያዛል።

ታዲያ ለምን ያመላልሱኛል ይሉ ይሆናል። እኔ እንደማየው ነገሩ ሒሳብ ነው። ለሪኮል ሥራ አምራቹ የሚከፍለው በቆረጠው ሰዓት ልክ ነው። እርስዎ ከኪስዎ የሚያሠሩት ፍሬንና የፊት እግር ግን ለዲለሩ ጥሩ ትርፍ ያመጣል። እናም ሪኮል ይዞ የመጣ ሰው ቡሽ ሸምቶ እንዲሄድ ይፈለጋል። ሁሉም ዲለር እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። የእርስዎ ታሪክ ግን ይህንኑ ይመስላል።

«ከእኛ አልገዛሃትም» የሚለው ዋጋ የለውም። ሪኮል የሚከተለው መኪናዋን እንጂ ገዢዋን አይደለም። አዲስም ገዙ፣ ሦስተኛ ባለቤትም ይሁኑ መብቱ አንድ ነው። የ180 ዶላሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሪኮሉን ለመሥራት የሚጠየቅ የምርመራ ክፍያ የለም። አንድ ገደብ ግን አለ። መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠች እስከ ሪኮሉ ማስታወቂያ ድረስ ከ15 ዓመት በላይ ካለፈ አምራቹ በነጻ የመሥራት ግዴታ የለበትም። የ2014 ሞዴል እዚያ አልደረሰችም።

ቡሹን በተመለከተ፣ በእርግጥ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ መንገዳችን እንደሆነ ጉድጓድ አያጣም። ርካሽ ከሚሠራልዎት ጋራዥ ያሠሩት። የቡሽ ማለቅ ግን ዳሽቦርድ ውስጥ ያለ ኤርባግ እንዳይቀየር አይከለክልም። ይከለክላል ካሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡዎት። ብዙ ጊዜ «በጽሑፍ ስጠኝ» ሲባሉ ነገሩ ይለሳለሳል።

ይህ በጽሑፍ የመቀበል ነገር የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው። እስካሁን ሁለቴ ሄደዋል፤ እጅዎ ላይ ግን ከደብዳቤው በቀር ወረቀት የለም። ስለዚህ መኪናዋን ይዘው እንደገና ይሂዱ። በስልክ መጠየቅ አይበቃም። ሪፔር ኦርደር (የጥገና ማዘዣ ወረቀት) ይክፈቱልኝ ይበሉ። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ ቪን ቁጥሩ (የመኪናዋ መለያ ቁጥር)፣ ማይሉና የሪኮሉ ቁጥር ይጻፍ። «ሪኮሉ እንዲሠራ ቀርባለች፤ ሌላ ሥራ አልተፈቀደም» የሚል መስመር ያስገቡ። ዕቃ የለም ካሉ እሱም እዚያው ይጻፍ። እምቢ ካሉ እዚያው ቆመው ስልክዎ ላይ ለራስዎ ኢሜይል ይላኩ፦ ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገረዎት ሰው ስም፣ እሱ የነገረዎት ቃል። መኪናዋንም ከዲለሩ ታፔላ ፊት ለፊት ፎቶ ያንሷት።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ ያዝኩት? መኪናዋ ለጥገና ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በአግባቡ ካልተሠራች፣ ሕጉ «ተገቢው ጊዜ አልፏል» ብሎ ይገምታል። ከዚያ ወዲያ መከራከር ያለበት አምራቹ ነው። መለወጥ ወይም ገንዘብ መመለስ የሚባሉት ነገሮችም ያኔ ነው ጠረጴዛ ላይ የሚመጡት። ቀኑን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለዎት ግን ስልሳው ከየት ይቆጠራል? ሌላም አለ። አንዳንዱ ደብዳቤ «ችግሩ ታውቋል፣ መፍትሔው ገና ነው፣ ሌላ ደብዳቤ እንልካለን» ይላል። የእርስዎ እንዲህ የሚል ከሆነ ቆጠራው ገና አልጀመረም። በእርግጥ ኡበር ለሚሠራና ብዙ ማይል ላላት የ2014 መኪና እርጅናዋ ተቀንሶ የሚተርፈው ገንዘብ ብዙም አይደለም። ቼክ ይመጣልኛል ብለው አይጠብቁ። የ60 ቀኑ ጥቅም አምራቹን ማስደንገጡ ላይ ነው።

ወረቀቱን እንደያዙ ለአምራቹ ደንበኞች አገልግሎት ይደውሉና ኬዝ ነምበር ይቀበሉ። ሦስት ነገር ይጠይቁ። ዕቃው የት አለ? የትኛው ሌላ ዲለር ሊሠራልኝ ይችላል? እስከዚያውስ ሎነር (በውሰት የሚሰጥ መኪና) ወይም የኪራይ መኪና ትሰጡኛላችሁ? ሎነር እንዲሰጡ ሕጉ አያስገድዳቸውም። ሆኖም ለኤርባግ ሪኮል የሚሰጡ አሉ፤ ላልጠየቀ ሰው ግን ማንም አይሰጥም። የዚያ ብራንድ ሕጋዊ ዲለር የሆነ ሁሉ ሪኮሉን መሥራት ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግ እንቢ ካለ ሮክቪል አለ፣ ቨርጂኒያም ቅርብ ናት።

አምራቹም ዝም ካለ፣ ኒትሳ በሚል አጭር ስሙ ለሚታወቀው የፌደራል የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ወይም በ888-327-4236 ያመልክቱ። ገንዘብ አያስመልስልዎትም። ግን አቤቱታው ይመዘገባል፣ አምራቾችም ይህን መሥሪያ ቤት ይፈራሉ።

ሥራ የፈቱባቸው ቀናት ካሳ ላይ ደስ የማይል መልስ ነው ያለኝ። የፌደራሉ ሕግ አንድ ግለሰብ ራሱ እንዲከስበት አልፈቀደም፤ ፍርድ ቤቶችም ደጋግመው እንዲሁ ብለዋል። የሚቀረው የሜሪላንድ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነው። እሱ የሚረዳዎት ዲለሩ ካታለለዎት ነው፤ ለምሳሌ በነጻ የሚሠራውን 180 ዶላር ካስከፈለዎት። የክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ክፍል በነጻ ያደራድራል። እስከ 5,000 ዶላር ያለውን ደግሞ ያለ ጠበቃ በዲስትሪክት ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። የቀረብዎትን ገቢ ለመጠየቅ ከፈለጉ የኡበር ሳምንታዊ ገቢዎን የሚያሳየውን ይያዙ። ግን ዳኛው «ሮክቪል ዕቃው እያለ ለምን ቤት ተቀመጥክ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በእኔ ግምት ይህ ክርክር ደካማ ነው፤ ጉልበትዎን ጥገናው ላይ ያውሉት።

ሳይጠይቁኝ ልመልሰው፦ የሸጠልዎት ሰውስ? ዲለር ሪኮሉ ያልተሠራለት አዲስ መኪና መሸጥ በፌደራል ሕግ አይችልም። ያገለገለ ከሆነ ግን የፌደራሉ ሕግ አይከለክለውም። አስቀያሚ ቀዳዳ ነው፣ ግን እስካሁን አልተደፈነም። ሻጩ «ሪኮል የለባትም» ብሎ ዋሽቶዎት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሰነዶቹን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። ከላይ ያልኩትም ሁሉ እርስዎ በጻፉልኝ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ዜሮ ዶላር የሚል፣ የሪኮሉ ቁጥርና «ተሠርቷል» የሚል ቃል ያለበት የተዘጋ ሪፔር ኦርደር ሳይቀበሉ ከዲለሩ አይውጡ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሆነውን ቪን (በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ይታያል) ኒትሳ ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። ሪኮሉ አሁንም ክፍት ነው ካለዎት፣ ወረቀቱን ይዘው ያንኑ ኬዝ ነምበር ጠርተው ለአምራቹ ይደውሉ።