ግማሹ ገብቶ ግማሹ የቀረ ፓች

«ባልደረባዬ የላከልኝን ፓች (ኮድ ላይ የሚጫን የለውጥ ፋይል) ስጭን ሁለት ፋይል ገባ፣ ሦስተኛው ሪጀክት ተደረገ። ምን ላድርግ?» ላልከው ወንድማችን፦

መጀመሪያ እጅህን ሰብስብ። ኮሚት አታድርግ (ለውጡን የኮድ ታሪክ በሚይዘው በጊት አታስመዝግብ)፣ ያንኑ ፓችም ደግመህ አትጫን። ቀድሞ የገባው ክፍል በሁለተኛው ዙር ራሱ አልገባም ይልህና ነገሩ ይወሳሰባል።

በምን እንደጫንከው አልነገርከንም። ተራው የጊት ፓች መጫኛ ትዕዛዝ፣ ጊት አፕላይ፣ አንድ ቦታ ከከሸፈ ምንም አይነካም። ግማሹ ከገባ ወይ ሪጀክት የሚለውን አማራጭ ጨምረሃል፣ ወይ ፓች የሚባለውን የድሮውን የዩኒክስ ትዕዛዝ ተጠቅመሃል። ሁለቱም ያልገባውን ሀንክ (የፓቹን አንድ የለውጥ ቁራጭ) ከፋይሉ አጠገብ በ«ነጥብ ሬጅ» በሚያልቅ ፋይል ያስቀምጡልሃል።

ሪጀክት የተደረገው ቀላሉ ነው፤ አፍ አውጥቶ «አልገባሁም» ብሏል። አንተ «ገባሁ» ያለውን ፍራ። ፓች የመስመር ቁጥሩ ባይገጥምለት የሚመስል ቦታ ፈልጎ ይሰካዋል። ዙሪያው ትንሽ ቢለያይም ያልፈዋል። እዚህ ሐዋሳ ለአንድ ፔንሲዮን በምንሠራው የአልጋ ማስያዣ ሲስተም 15 በመቶ ቫት የሚጨምር ፓች መጣልን። የክፍያውና የተመላሹ ፈንክሽን አጀማመራቸው መንታ ነው። አንዱ ሀንክ 84 መስመር ወርዶ ተመላሹ ላይ ቁጭ አለ። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ተሳክቷል፣ ኦፍሴት 84 መስመር» ብቻ። ሪጀክት የተደረገውማ ተራ ኮመንት (ኮድ ውስጥ የሚጻፍ ማስታወሻ) ነበር! ዲፉን (የተለወጡትን መስመሮች ዝርዝር) ባናይ ኖሮ ፔንሲዮኑ አልጋ ለሰረዘ እንግዳ ሁሉ ቫት ጨምሮ ይመልስ ነበር።

ስለዚህ ጊት ዲፍ ብለህ የገባውንም መስመር በመስመር እይ።

ከፓቹ በፊት ኮሚት ያላደረግከው የራስህ ሥራ ከሌለ ደግሞ ባትጠጋግነው ይሻላል። በጊት ሪስቶር ወደ ነበረበት መልሰው። ፓቹ የፈጠራቸው አዲስ ፋይሎችና ሬጆቹ ግን በዚህ አይጠፉም፣ በእጅህ ሰርዛቸው። አለዚያ ፋይሎቹን ለኮሚት ለማዘጋጀት ጊት አድ ስትል ሬጁም ተጠቅልሎ ይገባል፤ ስንቱን ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) እንደዚህ አይቻለሁ መሰለህ።

ከዚያ ፓቹ በጊት ፎርማት ፓች ትዕዛዝ የወጣ ከሆነ፣ በጊት ኤኤም ትዕዛዝ ከስሪ ዌይ አማራጭ ጋር ጫነው። የተነሳበት የፋይል ቅጂ አንተም ሪፖ ውስጥ ካለ፣ ሬጅ በመፈለግ ፋንታ የለመድከው የመርጅ ኮንፍሊክት (ሁለት ለውጦች ሲዋሃዱ የተጋጩበት ቦታ) ይመጣልሃል። አስተካክለህ ጊት አድ፣ ከዚያ ኮንቲኒው። ካላማረህ አቦርት።

መስመሩ በዓይንህ አንድ ሆኖ ሳለ ሁሉም እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ የዋይትስፔስ (በዓይን የማይለዩ የባዶ ቦታ ምልክቶች) ጣጣ ነው። ወይ የዊንዶውስ መስመር መጨረሻ ነው፣ ወይ ፓቹ ቴሌግራም ላይ እንደ ጽሑፍ ተለጥፎ ታቡ ስፔስ ሆኗል። በፋይል ይላክልህ። በዚያው ፓቹ ከየትኛው ኮሚት እንደተነሳ ባልደረባህን ጠይቀው፤ ሌላው ሁሉ ካልሠራ እዚያ ኮሚት ላይ ብራንች (የተለየ የሥራ ቅርንጫፍ) ከፍተህ ጫነውና መርጅ አድርግ።