መልስ፦ በጌም ምክንያት የሞተው ሮቦት
ኧረ ብሮ አላለምክም 😂 "ትልቁ ሮቦት በቪዲዮ ጌም ምክንያት የሚሞትበት ኮሚክ ልጅ ሆኜ አንብቤያለሁ ወይስ ቃዥቼ ነው" ላልከው፣ የማርቭል ትራንስፎርመርስ ቁጥር 24 ነው። የሚገርመው ሮቦቱ፣ ኦፕቲመስ ፕራይም፣ ጌሙን አሸንፏል እኮ፣ ግን ለማሸነፍ ሲል ጌሙ ውስጥ ያሉ ምንም ያላጠፉ ፍጥረቶች አለቁና ይሄማ ማጭበርበር ነው ብሎ ራሱ አፈንዱኝ አለ። ከዛ አንዱ ልጅ የፕራይምን አእምሮ ፍሎፒ ዲስክ (የድሮ ኮምፒውተር ፋይል ማስቀመጫ) ላይ ሴቭ አድርጎታል፣ በኋላ ፕራይም የተመለሰውም በዲስኩ ነው።

እኔ ያነበብኩት አባዬ ብሔራዊ ቴአትር ጋ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ አንጥፈው ከሚሸጡት ገዝቶልኝ ነው፣ ሽፋን የለው ምን የለው፣ ፍሎፒዋ ያለችበት ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞባት ነበር። ፍሎፒ ምን እንደሆነ የት አውቄ፣ ታላቅ ወንድሜ የፕራይም መታወቂያ ነው ብሎኝ ስንት ዓመት አምኜ ኖሬያለሁ።

አሁን ሳነበው እውነት ለመናገር መጀመሪያ አካባቢ ያለው ይከብዳል፣ አሻንጉሊት ለመሸጥ የተሠራ ስለሆነ በየወሩ አዲስ ሮቦት መጥቶ ስሙንና ችሎታውን ይዘረዝርልሃል። በ1984 እ.ኤ.አ. ሲጀመር 4 ቁጥር ብቻ ተብሎ ነበር፣ 80 ደርሶ በ1991 አለቀ፣ የመጨረሻው ሽፋን ላይ ራሱ በዚህ ቀልደውበታል። ለኔ ምርጡ ሳይመን ፉርማን ከቁጥር 56 ጀምሮ የጻፈው ነው፣ ጨለምለም ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሄድ። አንተ ግን ከ24 ጀምር፣ ናፍቆትህ እዛ ነው ያለው።

አራት ኪሎ አካባቢ ካለህ የኔዋን አውስሃለሁ፣ ቡናው ባንተ፣ ሻይ ግን ክልክል ነው።