የባልሽን ዘር ለመቁጠር ከአማትሽ ጀምሪ

እህቴ፣ «ባለቤቴ የጆርጂያ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ልጃችን የዘር ሐረግ ሥሪ ተብላ ከትምህርት ቤት መጣች። በእኔ በኩል ሰባት ቤት ቆጠርኩላት፣ በአባቷ በኩል ግን ከአያት በላይ ማለፍ አቃተን» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ እኔም እዚያው ላይ ቆሜ ነበር። አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ አሁንም አላለቀም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ኮምፒውተሩን ለጊዜው ዝጊው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ «እስቲ ይንገሩኝ» ስላቸው አማቴ «ምን የሚነገር አለ» ብለው ዘጉኝ። ሌላ ቀን በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለን አተር ስንፈለፍል፣ እጃቸው ሥራ ሲይዝ፣ ወሬው ራሱ መጣ። ማን ዲትሮይት እንደሄደ፣ ማን ተመልሶ እንደመጣ፣ የማን ልጅ በማን እጅ እንዳደገ። ሲመሽ ከአልጋቸው ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አወጡ። የቀብር ፕሮግራም ሞልቶበታል። እኛ ቀብር ላይ የምናነበውን የሕይወት ታሪክ እነሱ አትመው ያድሉታል፤ የትውልድ ቦታው፣ ወላጆቹ፣ እህት ወንድሞቹ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ አለበት። ከዚያ ካርቶን በአንድ ማታ ያገኘሁትን ያህል ከየትም አላገኘሁም። ሁሉንም በስልክሽ አንሺ፣ ካርቶኑን ግን ከቤታቸው እንዳታወጪ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሕዝብ ቆጠራው የምትሄጂው። ቆጠራው በየ10 ዓመቱ ነው፤ ስም ያለበት መዝገብ ግን ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ስለሆነ ለጊዜው የመጨረሻው የ1950 ነው። ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኚዋለሽ። ከ1950 ወደ 1940፣ ከዚያ ወደ 1930 እያልሽ ወደ ኋላ ሂጂ፤ አትዝለይ። የ1890ውን አትፈልጊው፤ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ ቃጠሎ ምክንያት አብዛኛው ጠፍቷል። እኔ የምወደው የ1900ውን ነው። የልደት ወርና ዓመት ይጽፋል፤ እናቲቱ ስንት ወልዳ ስንቱ እንደቀሩላትም ጭምር። «11፣ 6» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳይ ሌላ ምንም ማንበብ አቅቶኝ ገጹን ዘጋሁት።

ዕድሜ ላይ አትከራከሪ። የባለቤቴ ቅድመ አያት በሁለት ቆጠራ መካከል ያረጁት 7 ዓመት ብቻ ነው። ስምም እንደሰማው ነው ቆጣሪው የሚጽፈው፤ ማርታ የተባለችው ፓትሲ ሆና ልትመጣ ትችላለች። ኢንተርኔት ላይ ሌላ ሰው የሠራውን የዘር ሐረግ ደግሞ ገልብጠሽ አትለጥፊ። እኔ ለጥፌ፣ ልጅ እናቱን በሦስት ዓመት በልጦ አገኘሁት።

አሁን ወራት ያባከንኩበትን ስህተት ልንገርሽ። የባለቤቴ ሰዎች ከፎርት ቫሊ ናቸው። ፎርት ቫሊ ያለችው ፒች ካውንቲ (ካውንቲ እንደ እኛ ወረዳ ማለት ነው) ውስጥ ስለሆነ የ1900ውን እዚያ ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ የለም። ለካስ ፒች ካውንቲ የተፈጠረችው በ1924 ነው፤ ከሃውስተንና ከሜከን ካውንቲ ተቆርሳ። ሰዎቹ ከቤታቸው አልተነሱም፣ ወሰኑ ነው በላያቸው የዞረው። (ሃውስተን ነው የሚሉት፣ እንደ ቴክሳሱ ሂውስተን ብትዪ ወዲያው እንግዳ መሆንሽን ያውቃሉ።) ስለዚህ መጀመሪያ ካውንቲው መቼ ከማን እንደወጣ አጣሪ። ጆርጂያ ውስጥ 159 ካውንቲ አለ።

እየሄድሽ እየሄድሽ 1870 ላይ ግድግዳ ታገኚያለሽ። በአሜሪካ ደቡብ ውስጥ በባርነት የነበሩት በየስማቸው የተቆጠሩት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ዓመት ነው። የ1850ውና የ1860ው የባሪያ መዝገብ የሚጽፈው የጌታውን ስም ነው፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቆዳ ቀለም ብቻ። እዚህ ስትደርሺ ጥያቄው «አባቱ ማን ነው?» መሆኑ ይቀርና «የማን ነበሩ?» ይሆናል። ያስጠላል፣ ግን ሌላ መንገድ እኔ አላገኘሁም።

እኛ ደግሞ አንድ የምንሳሳትበት ነገር አለ። በእኛ ዘንድ ከሰው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው፤ ስለዚህ የቤተሰብ ስማቸውንም እንደዚያ እናምነዋለን። ነፃ የወጣ ሁሉ ግን የመጨረሻ ጌታውን ስም ይዟል ማለት አይደለም። የ1870ውን ገጽ ከፊትና ከኋላ አምስት አምስት ገጽ አንብቢ። ብዙ መሬት ያለው ነጭ ጎረቤት ማን ነው? ጌታው እሱ ሊሆን ስለሚችል፣ የእሱ ወይም የአባቱ የውርስ መዝገብ ነው ቀጣዩ። ከባርነት ነፃ የወጡትን የሚረዳው የመንግሥት ቢሮ (ፍሪድመንስ ቢሮ) በ1865 ከተቋቋመ በኋላ የተፈረሙ የሥራ ውሎችና የጆርጂያ የ1867 የመራጮች ምዝገባም ይረዳሉ፤ ጥቁር ወንዶች በስማቸው አሉበት።

አትላንታ አካባቢ ከሆንሽ ሞሮው ሂጂ። የጆርጂያ ቤተ መዛግብትና የብሔራዊ ቤተ መዛግብት የአትላንታ ቅርንጫፍ ጎን ለጎን ናቸው። የ1850ዎቹን የውርስ ንብረት ዝርዝር ያየሁት እዚያ በማይክሮፊልም ነው። አንድ በቅሎ፣ ሁለት ማረሻ፣ ከሥሩ አንዲት ሴት ከሕፃን ልጇ ጋር፣ በስሟ፣ ከነዋጋዋ። ቀጥሎ የመዳብ ጋን። ባለቤቴ አብሮኝ ነበር። ወጥቶ መኪና ውስጥ ተቀመጠ፣ ቤት እስክንደርስ ቃል አልተናገረም። በማግሥቱ «የሕፃኑስ ስም?» ብሎ ጠየቀኝ። አልተጻፈም። እናንተ ገጹ ላይ ከደረሳችሁ ልጅቷ ከማየቷ በፊት ሁለታችሁ እዩት።

መቃብር የምትሄዱ ከሆነ በብርዱ ወራት ሂዱ፤ ሳሩም እባቡም ይቀንሳል። ጽሑፍ የሌለበት ድንጋይ ብታዪ ዝም ብሎ የወደቀ እንዳይመስልሽ፣ ሰው አምጥቶ ያቆመው ሊሆን ይችላል።

የትምህርት ቤቱ ሥራ እስከ 1900 ከደረሰ ይበቃታል፣ አታስጨንቂያት። የአማትሽ ሰዎች ከየትኛው ካውንቲ እንደሆኑ እዚህ ጻፊልኝ፤ ሃውስተን ወይም ሜከን ከሆነ ያነሳኋቸው ገጾች አሉኝ።