ወርቁ አለ፣ ሰሙ የታለ?

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከፍኖተ ሰላም በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ፀሐይ ትፈነዳለች፣ መሬት ይሰነጠቃል፣ ባሕር ላይ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል። ሦስቱ በቀይ ቀስት ተያይዘዋል። ከሥሩ "ጋሼ፣ አዋሽ ፈንታሌን ያናወጠው የፀሐይ ማዕበል ነው የሚሉት እውነት ነው?" ብላ ጽፋለች።

መልሱ አጭር ነው። አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢን ያንቀጠቀጠው ከመሬት በታች መንገድ ሲፈልግ የነበረ ቅልጥ አለት ነው። መሬቱ ሲከፈት ሳተላይት አይቶታል። በዚያው ዓመት የፀሐይ እንቅስቃሴ ጫፍ ላይ መድረሱ እውነት ነው፤ ግን በየ11 ዓመቱ ገደማ እዚያው ጫፍ ይደርሳል።

ይህን ጽፌ ልልክላት ስል እጄ ቆመ። ያንን ቪዲዮ እኔ ራሴ ከ35 ዓመት በፊት ሠርቼዋለሁ። በስክሪብቶ፣ ደብተር ላይ።

ሥራዬ የአየር ሁኔታ ምልከታ ነበር። ጎጃም ውስጥ፣ ጮቄ ከሩቅ በሚታይበት አንድ ጣቢያ። ጠዋት 3 ሰዓት የዝናብ መለኪያውን ውኃ እሰፍራለሁ፣ ቴርሞሜትር አነባለሁ፣ ቀና ብዬ ደመናውን አያለሁ። ከዚያ ቁጥሮቹን ኤስኤስቢ በሚባለው የአጭር ሞገድ ራዲዮ ለአዲስ አበባ አነባለሁ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ እንደገና። በሐምሌ የመለኪያው ቆርቆሮ ጣት ይቆነጥጥ ነበር።

አንዳንድ ቀን ራዲዮው ዝም ይላል። አጭር ሞገድ የሚጓዘው ሰማይ ላይ ካለው የኤሌክትሪክ ንጣፍ እየነጠረ ነው። ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲኖር የንጣፉ የታችኛው ክፍል ይበረታና ሞገዱን ይውጠዋል። ይህን ያኔ በጨረፍታ ነበር የማውቀው። መጋቢት 4 ቀን 1981 ዓ.ም. የፀሐይ ማዕበል ካናዳ ውስጥ ኩቤክን ለ9 ሰዓት ያህል ጨለማ አደረጋት። ስድስት ሚሊዮን ሰው መብራት አጣ። ወሬውን ድምፁን ቀንሰን ከምንሰማው የውጭ ጣቢያ ሰማሁ። በማግሥቱ ደብተር ገዛሁ።

ነሐሴ 10 ቀን ጠዋት ራዲዮው ዝም አለ። ጻፍኩ። በ13 ቡሄ ነው፤ ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ መጡ፣ ሙልሙል አነሰን፣ ባለቤቴ አፍራ ብር ሰጠቻቸው። በማግሥቱ፣ ነሐሴ 14፣ አፋር ውስጥ ዶቢ ላይ በሬክተር ስኬል ከ6 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ። ስሰማ ፀጉሬ ቆመ። ሁለቱን በቀይ ስክሪብቶ አያያዝኳቸው። በመስከረም 1982 ሁጎ የሚባለው አውሎ ነፋስ ካሪቢያንንና አሜሪካን መታ። ጻፍኩ። ጥቅምት 7 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ተንቀጠቀጠ። ጥቅምት 9 ከሰዓት ሪፖርቴን እያነበብኩ ራዲዮው ድርግም አለ። በደስታ ዘለልኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ረዳት ነበረኝ፣ የቢቸና ልጅ። አስኳላ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ዓመት ቅኔ ቆጥሯል። ደብተሩን አሳየሁት። ቀስ ብሎ አገላበጠና፣

"ጋሼ፣ ወርቁን አየሁት። ሰሙ የታለ?" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ራዲዮው ዝም ብሎ ምንም ያልሆነባቸው ቀናትስ? መሬት ተንቀጥቅጦ ራዲዮው ደህና የሠራባቸውስ? የት ተጻፉ?" ቀጠለና ጣቱን ጥቅምት ላይ አሳረፈ። "ደግሞ እዚህ ጋ መሬቱ በ7 ተንቀጠቀጠ፣ ራዲዮው በ9 ዝም አለ። ልጁ አባቱን ወለደ እኮ!"

በር ላይ የነበረው ዘበኛ ሳቀ። የልጁ ጥያቄ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የዘበኛው ሳቅ ነው ያበገነኝ። "አንተ ዝናብህን ስፈር!" ብዬ ደብተሩን ነጠቅኩት። በዚያ ቢበቃ ጥሩ ነበር። የሥራ አፈጻጸሙን ስሞላ "ትእዛዝ አይቀበልም" ብዬ ጻፍኩ። እጅግ በጣም ታዛዥ ልጅ ነበር። በጥር ኮንትራቱ ሳይታደስ ቀረ። ዘመኑ 1982 ነው። ሥራ የሌለው ወጣት ወንድ ያኔ ወዴት ይወሰድ እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ምንጭ አጣሩ፣ ያያችሁትን ሁሉ አታጋሩ ምናምን አልልም፤ ታውቁታላችሁ። ታውቁታላችሁ ግን ጣታችሁ ከዓይናችሁ ይቀድማል። እርግጥ እኔም ቴሌግራም ስላልነበረ እንጂ ያን ደብተር ለሀገር በበተንኩት ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ምንም ያልሆነበትንም ቀን ጻፉ። በዓለም ላይ 6 እና ከዚያ በላይ የሆነ ርዕደ መሬት በዓመት ከመቶ ጊዜ በላይ ይደርሳል። ከየትኛውም ቀን ተነስታችሁ ጥቂት ብትጠብቁ አንዱ መድረሱ አይቀርም። አሜሪካኖች ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ መዝገብ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት በፀሐይና በርዕደ መሬት መካከል የረባ ዝምድና አጥተዋል።

በሰማይና በምድር መካከል ዝምድና የሚባል ነገር ጨርሶ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ምሥራቅ ታይዋን ጉድጓድ ውስጥ የተቀበሩ መሣሪያዎች ሰው የማይሰማቸውን ዝግተኛ የመሬት እንቅስቃሴዎች ይመዘግቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ ሲወጣ ከ20ዎቹ 11ዱ ታይፉን የሚባለው አውሎ ነፋስ ከሚያልፍበት ጊዜ ጋር ገጥመዋል። አውሎ ነፋሱ ሲያልፍ የአየሩ ግፊት ይወርዳል፣ በውጥረት ላይ ያለው ስንጥቅ ትንሽ ይላላል ነው የሚሉት። ልብ በሉ፣ ያልገጠሙት 9ኙም ተጽፈዋል።

ጳጉሜ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢርማ የሚባለው አውሎ ነፋስ ካሪቢያንን ሲመታ ፀሐይ ላይ ከባድ ፍንዳታ ሆነና የአደጋ ጊዜ የራዲዮ ግንኙነት ተቋረጠ። ፀሐይ አውሎ ነፋሱን አልፈጠረችም፤ ሰው እርዳታ የሚጠራበትን አፍ ግን ዘጋች። በጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ጠዋት፣ ልጆች በዝናቡ ሊጠመቁ እየሮጡ ሳለ ሜክሲኮ በ8.2 ተናወጠች። ይህን ሁሉ አውቄ፣ ያን ቀን ደብተሬን ፍለጋ ሳጥኑን ገለበጥኩ። ልማድ ክፉ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደብተሩን ይዤ ባሕር ዳር ሄድኩ። ማግኔታዊው የምድር ወገብ በሀገራችን ስለሚያልፍ ከጣና በላይ ያለው ሰማይ የብዙ ተመራማሪ ዓይን ያረፈበት ነው። ዩኒቨርሲቲው ይህን የሚያጠና ላቦራቶሪ አለው፤ ስሙ ዋሸራ ነው፣ እንደ ቅኔው ሀገር። አንዲት ወጣት ተመራማሪ አገኘሁ፤ ቡና ጋብዛኝ ገጾቹን ከኮምፒውተሯ ጋር አስተያየች። የነሐሴ 10ሩ ፍንዳታ እውነት ነበር፣ በጣም ትልቅ። የደረሰው ግን በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። "እዚህ ጨለማ ነበር አባቴ። የጠዋቱ ዝምታ የሱ አይመስለኝም። ባትሪው ይሆን?" አለችኝ። ትዝ አለኝ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ያጣበት ሰሞን ነበር።

የጥቅምት 9ኙ ግን እውነተኛ ነበር፤ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በጠራራ ፀሐይ። እሷም "እንዲህ ያሉ ቀናት በሙሉ ተጽፈው ቢሆን ኖሮ..." ብላ ጀመረችና ይሉኝታ ይዟት ተወችው።

ደብተሩን ልትመልስልኝ ስትል ከጀርባ ተገለጠ። እኔ አይቼው የማላውቅ ገጽ ነው። በደቃቅ፣ በቅኔ ቤት እጅ፣ ከጥቅምት 20 ጀምሮ 19 ቀን ተደርድሯል። ሠራ። ሠራ። ዝም። ሠራ። ሠራ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሰዓቱና የባትሪው ሁኔታ አለ።

ስልኳን አውጥታ ያንን ገጽ ብቻ ፎቶ አነሳችው። "ይህን ማን ጻፈው?" አለችኝ።

"ረዳቴ" አልኳት። ስሙን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ ፎቶው ሥር ጻፈችው።