ባለ 30 ጫማ አርቪ ይዞ ወደ ሮኪ ተራሮች

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው። በመጪው ጁላይ ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቻችንና ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ከሚመጡት እናቴ ጋር ባለ 30 ጫማ አርቪ (መኝታና ማብሰያ ያለው ተሽከርካሪ ቤት) ተከራይተን ኮሎራዶ የሚገኘውን የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለማየት አስበናል። እኔም ሆንኩ ባለቤቴ ከሚኒቫናችን የሚተልቅ መኪና ነድተን አናውቅም። የተለየ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገናል? በአርቪው የተራራውን መንገድ መውጣትስ ይቻላል? እናቴ ዕድሜያቸው ስለገፋ ከፍታው ያሰጋኛል።
አንባቢ፣ ከዳላስ

መልስ፦ በመንጃ ፈቃዱ በኩል አይስጉ። የቴክሳስ መደበኛ መንጃ ፈቃድ ክብደታቸው ከ26,001 ፓውንድ በታች ለሆኑ መኪኖች የሚያገለግል ሲሆን፣ ለኪራይ የሚቀርቡት ባለ 30 ጫማ አርቪዎች በአብዛኛው ከዚያ በታች ስለሆኑ ሲዲኤል የሚባለውን የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ማውጣት አያስፈልግዎትም። አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባው መንገዱን ነው።

የፓርኩ ዋና መስሕብ የሆነው ትሬል ሪጅ ሮድ ኤስተስ ፓርክ የተባለችውን ከተማ ግራንድ ሌክ ከተባለችው ከተማ ጋር የሚያገናኝ የ48 ማይል አስፋልት ነው። ከፍተኛው ቦታ 12,183 ጫማ ወይም 3,713 ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ 11 ማይል ያህሉ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ያልፋል። ባለ 30 ጫማ አርቪ በዚህ መንገድ እንዳይሄድ የሚከለክል ደንብ የለም። ነገር ግን ብዙ ቦታ ላይ የገደል መከላከያ አጥር የለውም፤ መታጠፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ቁመተ ረጅም መኪናን ደግሞ የተራራው ነፋስ ወደ ጎን ይገፋዋል። ኦልድ ፎል ሪቨር ሮድ የሚባለው አሮጌው የጠጠር መንገድ ግን ከ25 ጫማ በላይ ለሆኑ መኪኖች ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ስለዚህ የምመክርዎ አርቪውን ማደሪያ፣ ሚኒቫንዎን ደግሞ መጎብኛ እንዲያደርጉ ነው። ከዳላስ እስከ ኮሎራዶ ዋና ከተማ ዴንቨር ያለው 800 ማይል ገደማ ነው፤ የዚህ መጠን አርቪ በጋሎን 10 ማይል እንኳ መሄዱ የሚያጠራጥር ስለሆነ፣ እስከ ዴንቨር በሚኒቫኑ ሄደው አርቪውን እዚያ ቢከራዩ የቤንዚኑ ወጪ በብዙ ይቀንስልዎታል። ከዴንቨር ወዲያ አንዳችሁ አርቪውን፣ አንዳችሁ ሚኒቫኑን ትነዳላችሁ። በግሌሸር ቤዚን ካምፕ ካረፋችሁ ቤር ሌክ ወደተባለው ሐይቅ የሚወስደው የፓርኩ ነጻ አውቶቡስ የሚነሳው ከካምፑ ፊት ለፊት ነው። በሐይቁ ዙሪያ ያለው የእግር መንገድ ከአንድ ማይል የማይበልጥና ብዙም አቀበት የሌለበት በመሆኑ ለእናትዎም ይመቻል።

በአርቪው ቁልቁለት መውረድዎ የግድ ነው፤ ቢያንስ ከኤስተስ ፓርክ ወደ ዴንቨር ሲመለሱ ያጋጥምዎታል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ ያድርጉና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ያድርጉ። ፍሬኑን ሳያቋርጡ ረግጠው ከወረዱ ሸራው ይግልና የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ይልቅ ጠበቅ አድርገው ይርገጡ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይልቀቁ። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተዎ ወይም ፔዳሉ ከላላብዎ መቆሚያ ቦታ ወጥተው ያቀዝቅዙት። ከኋላዎ መኪና ከተደረደረም ዳር ይዘው ያሳልፉ። ከወገኖቻችን መካከል ትራክ የሚነዳ ወዳጅ ካለዎት ከጉዞው በፊት አንድ ቅዳሜ አብሮዎት ቢለማመድ እኔ ከምጽፈው ሁሉ ይበልጣል።

ስለ ከፍታው ሐሳብዎን ወደ ልጆቹና ወደ ራስዎ ቢያዞሩ ይሻላል። ኤስተስ ፓርክ ከባሕር ጠለል በላይ 2,290 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይለይም፤ እናትዎ በቅርቡ ከመጡ ለዚህ አየር ከሁላችሁም የተሻለ የለመደ ሰውነት ያላቸው እርሳቸው ናቸው። ዳላስ ግን ከ150 ሜትር በታች ነው፤ እርስዎም አዲስ አበባ አድገው ከሆነ የለመዱት ነገር ቆላ ላይ ሲኖሩ አብዛኛው ጠፍቷል። በመጀመሪያው ቀን ዝቅ ካለው ቦታ ሳትርቁ ቆዩ፤ ውኃ በብዛት ጠጡ። ከፍታው የሚያመጣው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የሚበረታበት ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ታች ይውረድ። እናትዎ የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለባቸው ግን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውን አማክሩ።

እናት ባሉበት ቡና አይቀርምና ይህንንም ልጨምር። በአርቪው ውስጥ ከሰል ፈጽሞ አታቀጣጥሉ፤ ለእጣን እንኳ ቢሆን። ጠባብና ዝግ ቦታ ላይ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል። ቡናውን በጋዙ ምድጃ፣ መስኮት ከፍታችሁና የጭስ ማውጫውን አብርታችሁ ቁሉት። አካባቢው ድብ ያለበት ስለሆነ ወጥ የተሠራበትን ድስት ጭምር ደጅ አታሳድሩ፤ ምግቡ መስኮትና በሩ በተዘጋ መኪና ውስጥ ይደር።

በካምፑ ሲያድሩ ከውኃና ከፍሳሽ መስመር ጋር የሚያያዙበት ቦታ ስለሌለ፣ የውኃውን ታንክ ሞልተው ይግቡ። የካምፑ ቦታ ሪክሬሽን ዶት ገቭ (recreation.gov) በተባለው ድረ ገጽ ላይ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይያዛል፤ የጁላይ ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀኑን ጠብቀው ይሞክሩ። በቅርብ ዓመታት ፓርኩ በበጋ ወራት ለመግባት ቀንና ሰዓት የተወሰነበት ፈቃድ አስቀድሞ መያዝን ይጠይቃል፤ ቤር ሌክን የሚጨምረውና የማይጨምረው ለየብቻ ስለሆኑ ሲመርጡ ይጠንቀቁ። ወደ ትሬል ሪጅ ሮድ የምትወጡበትን ቀን በማለዳ ጀምሩት፤ በጁላይ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድና መብረቅ የተለመደ ነው፤ ዛፍ በሌለበት በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ከመኪናው በቀር መጠለያ ብዙም አታገኙም።